የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሸራ የጦር መርከቦች ጎን ለጎን ሲገጥሙ

ባለፈው እትማችን ስለ ትራፋልጋር የባሕር ጦርነት አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1805፣ 27 የእንግሊዝ መርከቦች ከ33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦች ጋር የተጋጠሙበት ውጊያ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1798 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የየጁው ራስ ጉግሳ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን። ጽሑፉ ማን አሸነፈ፣ ማን ሞተ ብሎ አለፈ እንጂ ሁለት መርከቦች ተጣብቀው ሲዋጉ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አልነካም። ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች በሙሉ የያዙት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ለወሎ አንባቢዎቻችን ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ መድፍ ከኪሎ ሜትር በላይ የሚወረውር ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አስበው ነው ምሰሶ ከምሰሶ እስኪጠላለፍ የሚጠጉት? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አጥጋቢ መልስ አጣሁላቸው። (መምህር፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ መምህር፣ አረሩ ሩቅ መሄዱ እውነት ነው፤ ሩቅ ሄዶ መምታቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መርከብ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ማዕበሉ ከጎን ወደ ጎን ያዘነብለዋል። መድፉ በተተኮሰባት ቅጽበት መርከቡ ከታሰበው በአንዲት ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ በ500 ሜትር ርቀት አረሩ ከታለመበት ወደ 9 ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ወይ በምሰሶዎቹ መሃል ሾልኮ ያልፋል፣ ወይ ባሕር ይገባል። በ50 ሜትር ርቀት ግን ያችው አንድ ዲግሪ የምታመጣው ስሕተት ከ1 ሜትር ያንሳል። የመርከቡ ግድግዳ ከውሃው በላይ ብዙ ሜትር ስለሚቆም አረሩ አይስተውም። ሰሌዳ ላይ በታንጀንት አስልተው ቢያሳዩዋቸው ተማሪዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መድፉ ራሱ ነው። አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ አረሩም ከአፈሙዙ ስፋት ትንሽ ያንሳል፤ አለዚያ ዝገትና ጥቀርሻ ሲይዘው አይገባም። ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ እየተላተመ ይወጣና የመጨረሻው ግጭት ወደመራው አቅጣጫ ይሄዳል። ሦስተኛው የግድግዳው ውፍረት ነው። ትራፋልጋር ላይ የእንግሊዞች አዛዥ የነበረው የኔልሰን መርከብ፣ የቪክትሪ፣ ግድግዳ በውሃው ልክ ላይ ወደ 60 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የባሉጥ እንጨት ነበር። ከሩቅ መጥቶ ጉልበቱን የጨረሰ አረር እዚያ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል።

የተኩሱን ጊዜ የሚመርጡበት ልማድም ይለያይ ነበር። ፈረንሳዮች መርከባቸው ወደ ላይ ሲነሳ ተኩሰው የጠላትን ሸራና ገመድ መበጣጠስ ይወዱ ነበር፤ ጠላት ሸራውን ካጣ አያሳድድምና። እንግሊዞች ወደ ታች ሲወርድ ተኩሰው ግድግዳውንና ሰውን ይመቱ ነበር። በኛ አስተያየት መቅረብ ከድፍረት ይልቅ ስሌት ነው፤ መድፉን ቶሎ ቶሎ በማጉረስ የሚተማመን ወገን ነው መቅረብ የሚፈልገው።

ጥያቄ፦ እኛ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀልባችንን ወደ ዳር እንመልሳለን። እነሱ በነፋስ ብቻ እየሄዱ እንዴት ነው ለውጊያ ቦታ የሚመርጡት? (ከሐይቅ ከተማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የቆመው መርከብ ምርጫው በእጁ ነው። ሲፈልግ ይወርዳል፣ ሳይፈልግ ይቆያል፤ ከነፋሱ በታች ያለው ግን ወደ ላይ ለመውጣት በሰያፍ እየተመላለሰ መድከም አለበት። የባሩዱ ጭስም ከላይ ወደ ታች ስለሚነዳ የታችኛውን ዓይን ይጋርደዋል።

ጥቅሙ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ነፋስ መርከብን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያዘነብላል፤ በላይ ያለው መርከብ የሚያዘነብለው በሚዋጋበት ጎኑ ማለትም ወደ ጠላቱ ነው። ነፋሱ ከበረታ የታችኛው ፎቅ የመድፍ መስኮቶች ወደ ውሃው ይጠጋሉ፤ ከባዶቹ መድፎች ደግሞ እዚያ ናቸው። መስኮቶቹን ዘግቶ መዋጋት ማለት ዋናውን ጉልበት ማጣት ነው። ከፍቶ መተው ደግሞ ምን እንደሚያመጣ የስዊድኑ ቫሳ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ስቶክሆልም ወደብ ላይ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን እንደሄደ ነፋስ አዘነበለው፣ በተከፈቱት መስኮቶች ውሃ ገባ፣ እዚያው ሰጠመ። ጠላት የሚባል በአካባቢው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በብረታ ብረት ሥራ እተዳደራለሁ። የመርከብ መድፍ እንዴት ይጎረሳል? ስንት ሰው ይፈልጋል? ምንስ ይበላሻል? ዝርዝሩን ሳትቆጥቡ ንገሩኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የቪክትሪን የታችኛውን ፎቅ መድፍ እንውሰድ። አረሩ 14.5 ኪሎ ይመዝናል። መድፉ ራሱ ከ2.5 ቶን በላይ ነው፤ አራት ትንንሽ የእንጨት ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ጎን ብቻ ሲዋጉ እስከ 14 ሰው ይመደብለታል፤ በሁለቱም ጎን ሲዋጉ ምድብተኛው ለሁለት ይከፈላል።

ተኩሱ እንዳለቀ መድፉ በራሱ ኃይል ወደ ኋላ ይፈናጠርና ከግድግዳው ጋር የታሰረ ወፍራም ገመድ ይይዘዋል። ወደ ውስጥ በመግባቱ አፉ ላይ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ አንዱ ሰው የመለኮሻውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ይደፍናል። ሌላው በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ እርጥብ መወልወያ አስገብቶ አፈሙዙን ይጠርጋል። ቀጥሎ በጨርቅ ከረጢት የተሰፋ ባሩድ ይገባል፤ ለዚህ መድፍ ሙሉው መጠን 5 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። አረሩ ይከተላል፤ ከላዩ ከአሮጌ ገመድ የተሠራ ውታፍ ይደረግና በመጠቅጠቂያ ዘንግ እስከ መጨረሻው ይጠቀጠቃል። ውታፉ ባይኖር መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር አረሩ ተንከባሎ ይወጣ ነበር።

ከዚያ የጎን ገመዶቹን በመዘውር እየሳቡ መድፉን አፉ ከመስኮቱ እስኪወጣ ይገፉታል። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ መርከቡ ወደ ተቃራኒው ጎን ካዘነበለ ሽቅብ መግፋት ይሆናል። የመድፉ አለቃ በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ ሰዶ ከረጢቱን ይበሳል፤ ባሩድ የተሞላበት የላባ ቱቦ ይሰካል። ወደ ግራና ቀኝ ለማዞር ጋሪውን በማንሻ እንጨት ይፈነቅሉታል፤ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ከመድፉ ጀርባ ስር ያለውን ሽብልቅ ይገፋሉ ወይም ይስባሉ። አለቃው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ የመርከቡን መነሳትና መውረድ ይጠብቅና የባልጩቱን መምቻ በገመድ ይስበዋል።

በደንብ የሠለጠነ ምድብተኛ ይህን ሁሉ በደቂቃ ተኩል ይጨርሳል። የእንግሊዙ አድሚራል የኮሊንግዉድ መርከብ ድሬድኖት በልምምድ 3 ጊዜ በ3 ደቂቃ ተኩል መተኮሱ በጊዜው ተደናቂ ነበር። የፈረንሳይ ትልቁ የመርከብ መድፍ አረር ደግሞ ከ17 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ሲመታ ይበልጣል፤ ግን ለአሥረኛ ጊዜ የሚያነሳው ክንድ ይዝላል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል።

አሁን ወደሚበላሸው እንምጣ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጣት ከላላ አየር በአፈሙዙ ውስጥ ያልፍና የቀረችን ፍም ያነዳታል፤ አዲሱ ባሩድ ሲገባ ይቀጣጠልና ዘንጉን የያዘውን ሰው ክንድ ይዞ ይሄዳል። የከረጢት ቁራጭ እየተጠራቀመ ታች ይቀራል፤ ስለዚህ በየጥቂት ተኩሱ ጫፉ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ በሆነ ዘንግ ጎትቶ ማውጣት ግድ ነው። አረሩ ባሩዱ ላይ ሳይደርስ መሃል ላይ ከቀረ በመካከሉ ያለው ክፍተት ግፊቱን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋል፤ የተቀዳ ብረት ደግሞ ሳይለጠጥ በድንገት ነው የሚሰነጠቀው፤ ይህን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። መድፉ በጋለ ቁጥር ደግሞ አፈናጠሩ እየከፋ ይሄዳል። ማሰሪያ ገመዱ ከተበጠሰ ከ2 ቶን በላይ ብረት በወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። መድኃኒቱ የባሩዱን መጠን መቀነስ ነው፤ በቅርብ ውጊያ ለዚያውም ሙሉው መጠን አያስፈልግም።

በቅርብ ሲሆን ሁለት አረር በአንድ ጊዜ ማጉረስም የተለመደ ነበር። ርቀቱና ዘልቆ የመግባት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ጉዳቱ ግን ይጨምራል፤ ምክንያቱን ከታች ለነርሷ እህታችን በሰጠነው መልስ ያገኙታል።

የልምምድን ዋጋ ለማየት እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1813 ቦስተን አጠገብ የሆነውን ማንበብ ይበቃል። የእንግሊዙ ሻነን እና የአሜሪካው ቼሳፒክ በመድፍ የሚበላለጡ አልነበሩም። የሻነን አዛዥ ብሮክ ግን መርከቡን ከ1806 ጀምሮ ይዞ፣ መድፎቹ ላይ ማነጣጠሪያ አስገጥሞ፣ ሰዎቹን ያለ ፋታ ያለማምድ ነበር። የቼሳፒኩ ሎረንስ መርከቡን ከተረከበ ገና ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነበር። ውጊያው 15 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቼሳፒክ ተያዘ፤ ሎረንስም በቁስሉ ሞተ።

ጥያቄ፦ አረር የመታው ሰው ይሞታል፤ ይህ ግልጽ ነው። የቆሰሉት ግን ለምን ያን ያህል በዙ? ሕክምናውስ እንዴት ነበር? (ነርስ፣ ከከሚሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ አብዛኛውን ያቆሰለው ብረቱ ሳይሆን እንጨቱ ነው። አረር ግድግዳውን ሲበሳ ከውስጥ በኩል ስንጣሪ ይፈነጥቃል፤ አንዳንዱ ስንጣሪ የክንድ ርዝመት አለው። ፈጥኖ የመጣ አረር ንጹሕ ቀዳዳ በስቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ዘገም ብሎ የገባው ግን እንጨቱን ይቦጫጭቀዋል። ሁለት አረር አጉርሶ ባሩድ መቀነስ በቅርብ ውጊያ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ለዚህ ነው። ቁስሉ ሸካራ ነው፤ የጨርቅና የቀለም ፍርፋሪ ይዞ ይገባል፤ ያመረቅዛል።

ሐኪሙ የሚሠራው ከውሃው ልክ በታች ባለው ፎቅ፣ በፋኖስ ብርሃን ነው። አረር እዚያ እምብዛም አይደርስም። ማደንዘዣ የሚባል ስላልነበረ ፍጥነት ራሱ ሕክምና ነበር፤ የተሰባበረ እግር ወይም እጅ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆረጥ ነበር። ደሙ እስኪታሰር ድረስ ከቁስሉ በላይ በጨርቅ ማሰሪያ ጠምዝዞ ማጥበቅን ያውቁ ነበር። ጀርምን ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዱ መጋዝ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ይሄድ ነበር። ፎቆቹ ላይ ከውጊያው በፊት አሸዋ የሚበተነው መርከበኞቹ በባዶ እግራቸው ስለሚሠሩና ደምና ውሃ ስለሚያንሸራትት ነው።

ጥያቄ፦ በፊልም ላይ በገመድ ተወርውረው ወደ ጠላት መርከብ ይገባሉ፤ በጎራዴም ይሞሻለቃሉ። እውነት እንዲህ ነበር? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ዘሎ መግባት ነበር፤ ሲያዩት ከሚመስለው ግን እጅግ ይከብዳል። የእነዚህ መርከቦች ግድግዳ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሁለት መርከቦች በውሃው ልክ ሆድ ለሆድ ቢነካኩ እንኳ ከላይ በሁለቱ ጠርዝ መካከል ለዝላይ የማይመች ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ ድልድይ የሚሆን ነገር ይፈለጋል፤ የወደቀ ምሰሶ ወይም የሸራ መስቀያ አግዳሚ።

ትራፋልጋር ላይ ይህን በቁም ነገር ያሰበበት የፈረንሳዩ ሬዱታብል አዛዥ ሉካስ ነው። በመድፍ ልምምድ እንግሊዞችን እንደማይደርስባቸው ስላወቀ ሰዎቹን በነፍጥ፣ በእጅ ቦምብና በጎራዴ አሠለጠነ። ባለ 74 መድፉ ሬዱታብል ባለ 104 መድፍ ከሆነው ቪክትሪ ጋር ሲጣበቅ፣ ከምሰሶዎቹ ላይ የተቀመጡት ነፍጠኞቹና ቦምብ ወርዋሪዎቹ የቪክትሪን የላይኛውን ወለል ከሞላ ጎደል ባዶ አደረጉት። ኔልሰንን የመታችው ጥይት ከዚያው መርከብ የኋለኛ ምሰሶ የተተኮሰች ናት። ሉካስ አግዳሚውን አስጥሎ ድልድይ ሊያደርገው ሰዎቹን ሰብስቦ ሳለ ሌላው የእንግሊዝ መርከብ ቴሜሬር በሌላኛው ጎን ደረሰና በቅርብ ተኮሰበት። ሉካስ ራሱ ባቀረበው ዘገባ ያች አንዲት ተኩስ ከ200 በላይ ሰው ጣለችበት። ውጊያው ሲያበቃ ከ640 ያህል ሰዎቹ ከ500 በላይ ሞተዋል ወይም ቆስለዋል።

ልብ በል፤ የላይኛው ወለል በሉካስ ነፍጠኞች ባዶ ሲቀር የቪክትሪ የታችኛው ፎቅ መድፎች ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር። ዘሎ መግባት የሚሳካው ብዙውን ጊዜ መድፉ አስቀድሞ መንገዱን ከጠረገ ነው። በሻነንና በቼሳፒክ የሆነው እንዲህ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ አሰላሙ አለይኩም። በውሃ የተከበበ መርከብ እንዴት ሆኖ ነው በእሳት የሚያልቀው? (አንድ አባት፣ ከባቲ)

መልስ፦ ወአለይኩሙሰላም አባታችን። መርከቡ እንጨት ነው፤ ስፌቱ በዝፍት የተሞላ፣ ገመዱ ዝፍት የጠጣ፣ ሸራው ደረቅ፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ በብዙ ቶን የሚቆጠር ባሩድ። መርከበኞቹ ከአረር ይልቅ እሳትን ቢፈሩ ተገቢ ነበር።

ባሩዱ የሚቀመጠው ከውሃው በታች ነው። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ብረት አይይዝም፣ ለስላሳ ጫማ ያደርጋል፤ ፋኖሱ ራሱ በመስታወት በተለየ ጎን ክፍል ይቀመጣል። በመግቢያው ውሃ የነከረ ወፍራም መጋረጃ ይንጠለጠላል። ልጆች አንዳንድ ከረጢት ብቻ ክዳን ባለው ዕቃ ይዘው ወደ መድፎቹ ይሮጣሉ። መድፎቹ አጠገብ ከረጢት መከመር ከባድ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1779 የእንግሊዙ ሴራፒስ ይህን ጥፋት አጥፍቶ ነበር፤ ከአሜሪካው ቦኖም ሪቻርድ ምሰሶ ላይ የተወረወረች አንዲት የእጅ ቦምብ በወለሉ መግቢያ ገብታ የተከማቸውን ባሩድ አቀጣጠለችው፤ በየመድፉ የቆመውም ሰው አለቀ።

ኔልሰን በገዛ ምሰሶዎቹ ላይ ነፍጠኛ ማስቀመጥን የማይወደው የነፍጡ ብልጭታ ሸራውን እንዳያቃጥል ሰግቶ ነው። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ በትራፋልጋር ውጊያ ቀን የፈረንሳዩ አሺል ከምሰሶው በተነሳ እሳት ተያይዞ ፈነዳ። ቪክትሪና ሬዱታብል በተጣበቁ ጊዜም የቪክትሪ መድፎች አፍ የጠላትን ግድግዳ ይነካ ስለነበር ከእያንዳንዱ መድፍ አጠገብ ባልዲ የያዘ ሰው ቆሞ፣ አረሩ በበሳው ቀዳዳ ወዲያው ውሃ ይደፋ ነበር። የሚያጠፋው የጠላቱን መርከብ እሳት ነው፤ ያ ከነደደ የራሱም ይነዳልና።

የበሽሎ ውሃ ዓባይን ተቀላቅሎ ሄዶ ሄዶ ሜዲትራኒያን በሚገባበት ዳርቻ፣ አቡ ቂር በተባለው ባሕረ ሰላጤ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1798 ምሽት ላይ ከሁሉ የከፋው ሆነ። ባለ 118 መድፉ የፈረንሳይ ዋና መርከብ ሎርያን እሳት ይዞት ባሩድ ክፍሉ ደረሰና ፈነዳ። የፈረንሳይ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ተሰልፈው ነበር፤ በየብስ በኩል ጠላት አይመጣም ብለው የዚያን ጎን መድፎች አላሰናዱም። ከእንግሊዞቹ አንዳንዶቹ ግን በሰልፉና በየብሱ መካከል ገብተው ከሁለት ወገን ያዟቸው። ከ13ቱ ትልልቅ መርከቦች ያመለጡት 2 ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ እንግዶችን መቅደላ አወጣለሁ። ሴባስቶፖል በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ቢጫን ኖሮ ይጠቅም ነበር ወይ? ብለው ይጠይቁኛል። (አስጎብኚ፣ ከተንታ)

መልስ፦ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን የሚመዝን፣ አፈሙዙ አጭርና ሰፊ የሆነ፣ ድንጋይም ሆነ ቦምብ ሽቅብ ወርውሮ ከላይ የሚያወርድ መድፍ ነው። ባሕር ላይም የዚህ ዓይነት ነበር፤ አፉ 33 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን። የሚጫነው ግን ለብቻው በተሠራ፣ ወለሉ ከሥር በወፍራም ግንድ በተደገፈ ትንሽ መርከብ ላይ ነው፤ የሚተኩሰውም በከተማና በምሽግ ላይ ነው። በቆመ ዒላማ ላይ ነው የሚሠራው፤ የሚንቀሳቀስን መርከብ በእሱ መምታት ከንቱ ድካም ነው። ጎን ለጎን በሚደረግ ውጊያ ቦታ የለውም።

ለእንግዶችዎ የሚጨምሩት ሌላ ነገር አለ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ሮኬት የተኮሱት ከመርከብ ወርደው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ የመጡ የእንግሊዝ ባሕርተኞች ናቸው። ከፋላ ኮረብታ ቁልቁል የተተኮሰው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ አረር ደግሞ አብዛኛው ከጠላት ራስ በላይ አልፏል። ባሕር ላይም የመድፍ አለቆች ምድብተኞቻቸውን ዘወትር "ዝቅ አድርጋችሁ!" የሚሏቸው ይህንኑ ስሕተት ለማረም ነበር።

ጥያቄ፦ አናጢ ነኝ። ያን ያህል ተበስተው መርከቦቹ ለምን አይሰጥሙም? (ከመርሳ)

መልስ፦ አብዛኛው ቀዳዳ ከውሃው በላይ ነው፤ እንጨቱም ራሱ ይንሳፈፋል። በትራፋልጋር ውጊያ ከተሸነፉት 18 መርከቦች ውጊያው ላይ እያለ የጠፋው የተቃጠለው አሺል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰው ስላለቀባቸውና ምሰሷቸው ስለወደቀ ባንዲራ አውርደው የተያዙ ናቸው። ከባዱ ምት ከኋላ የሚመጣው ነው። የመርከቡ የኋላ ጫፍ መስኮትና ስስ ሳንቃ ስለሆነ በዚያ የገባ አረር፣ በር እስከ ጓሮ ተከፍቶ ነፋስ እንደሚያልፍ፣ መድፎቹን እየገለበጠ እስከ ፊት ይዘልቃል። ቪክትሪ የፈረንሳዮችን ዋና መርከብ የቡሳንቶርን ኋላ የመታው እንዲህ ነው።

የእርስዎ ሙያ ሰዎች በውጊያው ጊዜ ከውሃው ልክ ትንሽ ዝቅ ብሎ በግድግዳው ውስጥ ዙሪያውን በሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ ይቆማሉ። መጠናቸው የተለያየ፣ ሾጠጥ ያሉ የእንጨት ውታፎች አዘጋጅተው፣ ሞራ በተቀባ ቃጫ ጠቅልለው በመዶሻ ይመቷቸዋል፤ በላዩ የእርሳስ ቆርቆሮ ይቸነክራሉ። ስንጣሪ የበዛበት ቀዳዳ ክብ ስላልሆነ ውታፉ አይገጥመውም፤ ያኔ ቃጫውን ማብዛትና ሳንቃ መለጠፍ ነው። የቀረውን ውሃ ፓምፕ ያወጣል። ፓምፑ በአረር ከተመታ ወይም የሚዘውረው ሰው ካለቀ ተስፋ የለም። ቦኖም ሪቻርድ ላይ ውሃው ሲያይል ከታች ታስረው የነበሩት የእንግሊዝ ምርኮኞች ተፈትተው ፓምፕ እንዲያዞሩ ተደረገ። መርከቡ ሴራፒስን ማርኮ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 25፣ ሰጠመ።